እንዳይሰግድ ቪና ያሸከሙት ሰው

ዶንዲባ ኑሮውን የሚያገኘው በሬ በመጣል ነው። በአስፋልት ላይ ጋሪ የሚጎትት በሬ ሰኮናው እንዳይበላ ከሥሩ ብረት ይመታለታል፤ ብረቱ እንዲመታ በሬው መተኛት ይኖርበታል፤ በሬ ደግሞ ተኛ ስላሉት አይተኛም። ስለዚህ ዶንዲባ ገመዱን በእግሮቹ መካከል አዙሮ፣ ትከሻውን በሽንጡ ላይ አሳርፎ፣ አንዴ ሳብ ሲያደርገው እንስሳው እንደ አሮጌ ግድግዳ ዘጭ ይላል። ከዚያ አራቱን እግሮች አንድ ላይ ጠፍሮ ምስማሩን ይመታል። የእሱና የእኔ ቤት አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ስለ እሱ የምጽፈውም በሰማሁት ሳይሆን ባየሁት ብቻ ነው። በተሰማ ነገር አልጽፍም፤ ሰው ብዙ ያወራል።

ቀኑን በሬ ሲጥል የሚውለው ይህ ሰው፣ የቀረውን ጊዜ ራሱን ሲጥል ያሳልፈዋል።

እኛ በየዓመቱ በክረምት ጌታችን ወዳለበት ቤተ መቅደስ፣ ወደ ፓንዳርፑር ከተማ፣ በእግር የምንጓዝ ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ እርስ በርሳችን "እናቴ" እንባባላለን። ስንገናኝ አንዱ ለሌላው ይሰግዳል፤ የተሰገደለትም መልሶ ይሰግዳል፤ በዚያኛው ውስጥ ያለው ጌታ በዚህኛውም ውስጥ አለና። በወጉ ጎንበስ ብሎ እግር ነክቶ ቀና ማለት ይበቃል። ለዶንዲባ ግን በቅቶት አያውቅም። እሱ ሁለት እግሩን፣ ሁለት ጉልበቱን፣ ሁለት እጁን፣ ደረቱንና ግንባሩን ከመሬት አጋጥሞ፣ ከእጅ እንዳመለጠ ዱላ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ለፖስተኛው ይዘረጋል። ለአስተማሪው ይዘረጋል። ብረት ለመታለት በሬ፣ በሬው ገና እንደተናደደ ቆሞ ሳለ፣ ይዘረጋል። አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ጭቃ ረጭቶበት ሲያልፍ ከኋላው ተዘረጋ፤ ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ሰው የገጨ መስሎት እያለቀሰ ወረደ።

መሬትን እንዲህ የሚወድ ሰው መሬት ላይ የሚፈልገው ነገር አይጠፋም ብዬ፣ እሱ ተነሥቶ ሲሄድ የተኛበትን ቦታ እመረምር ነበር። ከግንባሩ ቅርጽና ከተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ በቀር ያገኘሁት የለም። ቁልፉን ስመልስለት ለምስጋና ይዘረጋና ሌላ ቁልፍ ይበጠስበታል። በመጨረሻ መመለሱን ተውኩት።

አለቃ ናርሃሪ የዘይት ነጋዴና የመንደራችን ተጓዥ ዘማሪዎች አለቃ ናቸው። በሥርዓት የሚያምኑ፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ወገባቸው እንቢተኛ ሰው ናቸው። በእሳቸው ሐሳብ ዝቅ ያለ ሰው ከፍ ያለ ነውና፣ ከመንደሩ ሁሉ ይበልጥ ዝቅ ማለት የሚገባው አለቃው ነው። ችግሩ ዶንዲባ ነው። እሳቸው እንደ ግመል በደረጃ፣ መጀመሪያ በአንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በማቃሰት ሲወርዱ፣ ዶንዲባ አስቀድሞ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ለዶንዲባ ቀድመው ሰግደው አያውቁም። አንድ ማለዳ ሊቀድሙት አስበው ከኒም ዛፍ ኋላ ተደበቁ። ብቅ ሲሉ ዶንዲባን ከዛፉ ፊት ተዘርግቶ አገኙት።

"ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለዛፉ?" አሉት።

"ለዛፉ ነበር እናቴ። ግን ለሁለታችሁም ይበቃል።"

ያን ቀን አለቃ ናርሃሪ ሱቃቸውን አልከፈቱም።

ባለፈው ዓመት ጉዞ ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። በዚህ ጉዞ እያንዳንዱ መንደር በሰልፉ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ወደ ኋላ የቀረ ቡድን ቦታውንም፣ እራቱንም፣ ማደሪያውንም ያጣል። ዶንዲባ ለአንድ ሻይ ሻጭ ተዘረጋ። ሻይ ሻጩ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ወጣና መልሶ ተዘረጋ። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ቆመው ማየት ከብዷቸው እነሱም ወረዱ። ለእነሱ ደግሞ የኛ ሰዎች መልሰው መስገድ ነበረባቸው። እንዲህ እየሆነ በሦስት መንደር ውስጥ ስናልፍ ዋልን። ማደሪያው ስንደርስ የሽምብራው ሽሮ አልቆ ድስቱ ታጥቧል፤ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳም ሌሎች ይዘውታል። በሽንኩርት ጆንያ ላይ፣ በዝናብ ውስጥ አደርን። ጆንያዎቹ የማን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅንም፤ በማግስቱ ግን ባለቤቱ እኛን አወቀን።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመነሣታችን በፊት በቤተ መቅደሱ ግቢ ስብሰባ ተደረገ።

"ዶንዲባ ዘንድሮ ይቅር" አሉ አለቃ ናርሃሪ።

ዶንዲባ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሲሰማ ለልመና ተዘረጋ።

"አትዘርጋ! ስብሰባ ላይ ነን!"

"እሺ እናቴ" አለ ከመሬት።

ሳሉባይ የምትባል አሮጊት አለች፤ በጉዞው ሁሉ ለጌታ የተቀደሰውን የበሶብላ ተክል በራሷ ላይ ተሸክማ ከሴቶቹ ፊት የምትሄድ፣ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን ሴት። እሷ ተነሣች።

"አንተ ናርሃሪ፣ ይሄ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሄደው?"

"አባቱ በትከሻው ካዞረው ጊዜ ጀምሮ።"

"ታዲያ የከርሞውን ማን ቃል ገባለት? ጉልበቱን አታየውም?"

"ጉልበቴ ለዘንድሮ እሺ ብሎኛል" አለ ዶንዲባ ከወለሉ። "ለከርሞ ስጠይቀው ዝም አለኝ።"

ዶንዲባ ለሌላ ነገር ተማጽኖ አያውቅም፤ ልጅ የለው፣ መሬት የለው፣ በዓመት ውስጥ የሚጠብቀው ይህችን መንገድ ብቻ ነው። አለቃ ናርሃሪም ቢሆኑ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና ዓይናቸው በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቪና ላይ ዐረፈ።

ቪናው አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ ነው። ከመንደራችን ተነሥቶ ፓንዳርፑር እስኪደርስ መሬት አይነካም። የያዘው ሰው በዘማሪዎቹ መካከል ቆሞ ክሩን እየመታ ይሄዳል፤ አይቀመጥም፣ አይጋደምም። ማታ አለቃው ተረክበው በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል።

"ይምጣ" አሉ አለቃ ናርሃሪ። "ግን ቪናውን እሱ ይይዛል። በቀን ጉዞ ላይ ከእጁ ከለቀቀው፣ ለማንም ይስጠው ለማን፣ በመጣው አውቶቡስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቪና የለቀቀ ይመለሳል፤ ሕጉ ይሄ ነው።"

ለሌላ ሰው ይህ ትልቅ ክብር ነበር። ዶንዲባ ግን ቪናውን ሲያንጠለጥሉበት ፊቱ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ሆነ።

ምክንያቱ በመንገድ ላይ ተገለጠ። ቪና ለያዘ ሰው፣ ከየመንደሩ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ይሰግዳል። ወጉ ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት ትሰግዳለች፤ ፖሊሱ ዱላውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ይሰግዳል፤ ያ ያለፈው ዓመት ሻይ ሻጭ ከሩቅ አይቶን እየሮጠ መጥቶ ሰገደ። ዶንዲባ ለአንዳቸውም መመለስ አልቻለም። መጀመሪያ አንገቱን መስበር ሞከረ። ቀጥሎ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ አለቃ ናርሃሪ "ቀና!" አሉት። በመጨረሻ በዓይኑ ሽፋን ብቻ መስገድ ጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰዎች ይህ ሰው ለምንድን ነው የሚጠቅሰን ብለው ያጉረመርሙ ጀመር። የአንዲት ሙሽራ ባልም ለጠብ ተጋብዞ በብዙ ልመና ተመለሰ።

"ሃይባቲ" አለኝ ዶንዲባ። ሃይባቲ እኔ ነኝ፤ የቡድኑን ዕቃ የምጠብቅ፣ የዕቃውን ጋሪ ተከትዬ የምሄድ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ከኋላው ነበርኩ። "ሃይባቲ፣ ዕዳው ሊጨርሰኝ ነው። ይሄን ሁሉ ስግደት የት አደርሰዋለሁ?"

"ለአንተ አይደለም የሚሰግዱት፣ ለቪናው ነው።"

"ቪናው ይመልስላቸው እንዳልል እጅ የለው።"

እንባው እየወረደ ነበር። ሳሉባይ ይህን አይታ፣ በሶብላዋን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ እሱ ተጠጋች።

"አንተ ሞኝ፣ የምንሄድበት ጌታ ምን እያደረገ ነው የሚጠብቀን?"

"ቆሞ።"

"የት?"

"ጡብ ላይ።"

"ለምን ቆመ?"

"አንድ ሰው ወላጆቹን ሲያገለግል ጌታ ደረሰበትና፣ ሰውዬው እስክጨርስ እዚህ ቁም ብሎ ጡብ ወረወረለት።"

"እሱ ጌታ ሆኖ ቁም ሲሉት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይሄው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ አንተ በሬ ጣይ ሆነህ ለጥቂት ቀን መቆም አቃተህ? መውደቅ ማለት እንዳሉህ መሆን ነው። ቁም ካሉህ ቁም። ቁም፣ አፍንጫህንም ጥረግ።"

"እጄ ቪና ላይ ነው።"

አፍንጫውን እሷ ጠረገችለት።

ከዚያ በኋላ ተሻለው። ፓንዳርፑር ሁለት ቀን ሲቀረው ግን፣ ዕቃ ከሚጎትቱት በሬዎች አንዱ፣ ሳርጃ የሚባለው፣ የፊት እግሩ ብረት ወልቆ መንገድ ላይ ቀረ። ሰኮናው ተሰንጥቆ ደም ይታይበታል። አስፋልቱ መካከል ቆሞ እንቢ አለ። ከኋላ ሌላው ቡድን እየዘመረ ደርሷል፤ ከፊት የኛ ሰልፍ እየራቀ ነው። ከመካከላችን ብረት መምታት የሚያውቅ ዶንዲባ ብቻ ነበር፤ እሱም፣ አለቃውም፣ ሳሉባይም ከሰልፉ ወደ ጋሪው ተመለሱ።

"አጠገቤ ሆነህ ምራኝ" አሉት አለቃ ናርሃሪ፣ ገመዱን ይዘው። "እኔ እጥለዋለሁ።"

"እናቴ፣ ከሽንጡ በኩል ይሁኑ።"

"አውቃለሁ።"

"እሱ ሽንጡ አይደለም።"

"አውቃለሁ አልኩህ!"

ሳርጃ አንዴ ዞር አለ። አለቃ ናርሃሪ በመንገዱ ዳር ባለው የማሳ ውኃ ውስጥ ተቀመጡ። በሬው ከላይ ሆኖ በአዘኔታ ተመለከታቸው።

"ልምታለት" አለ ዶንዲባ።

"ቪናውን ከለቀቅህ አውቶቡስ ነው" አሉ አለቃ ናርሃሪ ከውኃው ውስጥ። ክፋት አልነበረም፤ በሁሉ ፊት የተነገረ ሕግ ስለሆነ ነው። "አስብበት። ሁለት ቀን ነው የቀረህ።"

ዶንዲባ ወደ ፓንዳርፑር አቅጣጫ አየ። ከዚያ የሳርጃን እግር አየ።

"እንግዲያውስ ይቀበሉኝ፣ እናቴ" አለና ቪናውን ዘረጋላቸው።

እሳቸውም ቪና መሬት ስለማይነካ፣ ከወገባቸው በታች ውኃ እየተንጠባጠበ፣ መቀበል ግድ ሆነባቸው።

ዶንዲባ በሬውን ጣለው። ሳርጃ ታገለ፣ ተንፈራገጠ፣ ዓይኑን አጉረጠረጠ። እኔ ራሱን ይዤ ነበር። አንድ ጊዜ ላይ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና መላ አካሉ ለቀቀ።

"ሰማኸው?" አለኝ ዶንዲባ፣ ምስማሮቹን ከከንፈሩ መካከል እያወጣ። "ሁሉም በሬ እንዲህ ይተነፍሳል። እስከዚያ ድረስ ገመድ ነው ያስተኛው። ከዚህ በኋላ ግን የተኛው ራሱ ነው፤ መዶሻውም አያስፈራውም። እኔ መሬት ላይ ስወርድ የምፈልገው ያንን ትንፋሽ ነው። ብዙ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ ደግሜ እተኛለሁ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠና የኖርኩት ነገር መልሱ ይህ ሆነ። አመንኩት፤ ይህን የምለው ስለ ብዙ ሰው አይደለም።

ብረቱ ተመታ፣ ሳርጃ ተነሥቶ እግሩን ሞከረ። ዶንዲባ ለበሬው ተዘረጋ። ቀጥሎ ቪናውን ለያዙት ለአለቃ ናርሃሪ ተዘረጋ፤ እሳቸው መመለስ አልቻሉም። ከዚያ ጥቅሉን ከጋሪው ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ቀዩን አውቶቡስ መጠበቅ ጀመረ። አንድም ቃል አልተከራከረም። ሳሉባይ ፊቷን አዙራ ቆመች።

አውቶቡሱ መጣ። ዶንዲባ እጁን በማንሣት ፈንታ በፊቱ ተዘረጋ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ዘለለ። "ሰውዬ፣ ለሞት ነው ለትኬት?"

"ለትኬት ነው እናቴ።"

ሾፌሩ "እናቴ" ሲባል ነገሩ ገባው፤ የፓንዳርፑር መንገደኛ ከሰገደ መልሶ መስገድ ግድ ነውና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ትኬት ቆራጩ ከነቦርሳው ተከተለው። ተሳፋሪዎቹ ሾፌራቸው መሬት ላይ መሆኑን ሲያዩ አንድ በአንድ ወረዱ። እርስ በርስ "እናቴ፣ እናቴ" እየተባባሉ መንገዱን ሞሉት። ከዚያ ቪናውን አዩ። ሁሉም ወደ አለቃ ናርሃሪ ሄዱ።

አለቃ ናርሃሪ እግራቸውን ሲነኳቸው እንደሚኮረኩራቸው ከሚስታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አገር አወቀ።

"ተባረኩ... ይበቃል... ኧረ ውስጥ እግሬን አትንኩ! ኪኪኪ! ኧረ በጌታ! ጣቶቼን ልቀቅ አንተ! ኪኪኪ!"

ቪናው ሳይመቱት ይጮኽ ነበር። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቀና ሲሉ ዶንዲባን አዩት፤ አንድ እግሩ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ሁለት እጁ ጥቅሉን አቅፎ፣ ጀርባው ወደ እሳቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዶንዲባ ቪና ሳይዝ በፊታቸው ቆሞ ነበር፣ አላያቸውምም።

"ሃይባቲ፣ ያዝ!" አሉና ቪናውን በደረቴ ላይ ጣሉት። ያ ሁሉ ሆድ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። በደረጃ አልወረዱም፤ ጉልበት የለ፣ ማቃሰት የለ፣ እንደ ዘይት በርሜል አንድ ጊዜ ጭቃው ላይ ወደቁና ከዶንዲባ ተረከዝ ሥር ተዘረጉ።

"ቀደምኩህ!" አሉ ከጭቃው ውስጥ።

ዶንዲባ ዞር ብሎ አየ፣ ደነገጠ፣ ጥቅሉን ጥሎ በፊታቸው ተዘረጋ። ራስ ለራስ ገጥመው ተኙ።

ሳሉባይ መጥታ ከላያቸው ቆመች።

"አንተ ናርሃሪ፣ ቪናው የታለ?"

"ሃይባቲ ጋ።"

"ማን ሰጠው?"

አለቃው ፊታቸውን ወደ ጭቃው መለሱ።

"ቪና የለቀቀ ይመለሳል ያለው ማን ነበር? ትኬት ቆራጭ፣ ሁለት ቁረጥ።"

"ሁለት" አለ ትኬት ቆራጩ፣ ቦርሳውን እየከፈተ። "ለሽማግሌዎቹ በግማሽ ዋጋ ነው።"

አለቃ ናርሃሪ ጭቃው ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረሙ።

"አልሰማንም!" አለች ሳሉባይ።

"ሕጉ ቀርቷል አልኩ! ቀርቷል! ይምጣ!"

"እንግዲያውስ ይነሡ፣ እናቴ" አለ ዶንዲባ።

"አንተ ቀድመህ ተነሣ።"

"እርስዎ አለቃ ነዎት።"

"አለቃ ስለሆንኩ ነው የማዝህ። ተነሣ!"

ዶንዲባ ተነሣ። አለቃ ናርሃሪ ብቻቸውን ከሁሉ ዝቅ ብለው፣ ፊታቸው በጭቃ ውስጥ እየፈካ፣ እስኪጠግቡ ቆዩ። ከዚያ ለመነሣት ቢሞክሩ ወገባቸው እንቢ አለ። ዶንዲባ የሳርጃን ገመድ በብብታቸው ሥር አሳልፎ፣ ትከሻውን በሽንጣቸው ላይ አሳርፎ አነሣቸው። ሳርጃ ቆሞ ተመለከተ፤ ደስ እንዳለው እምላለሁ።

በዚያ ምሽትም እራት አለቀብን። ቪናውን ከእኔ ሊቀበል የፈቀደ ሰው አልተገኘም፤ እኔም ለማን እንደምሰጠው እርግጠኛ ስላልነበርኩ እስከ መጨረሻው ያዝኩት፤ ብዙ ሰው እግሬን ነካ፣ ጫማዬንም ማንም አልወሰደብኝም። ፓንዳርፑር ደረስን፤ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ረጅሙ ሰልፍ ውስጥ ገባን። ተራችን ደርሶ ደጃፉን ስንረግጥ ዶንዲባ ተዘረጋ፤ ያን ትንፋሽ እየጠበቀ ነበር መሰለኝ፣ አልተነሣም። ከኋላ ያለው ሕዝብ መግፋት ጀመረ።

"ማነው እዚያ የተኛው? አንሡት! ዘግይተናል!"

አለቃ ናርሃሪ ሁለት ክንዳቸውን በበሩ መቃን ላይ ዘርግተው፣ በዚያ ሆዳቸው መንገዱን ዘጉት።

"የኛ ሰው ነው" አሉ። "ጠብቁ።"